ልጅ ይዞ ለገና ጅማ መግባት፦ ከጓዝ ማሰር እስከ መልስ

ልጄን ይዤ መጀመሪያ ጅማ የሄድኩት ዘጠኝ ወር ሲሆናት ነው። ለገና። እናቴ ቤት በር ላይ መኪናው በደንብ ሳይቆም ልጅቷ ከእጄ ተወሰደች። አክስቴ ሳመቻትና ለጎረቤት አቀበለች። ጎረቤት ለምራቷ ሰጠች። እኔ ሻንጣ አውርጄ ቀና ስል ልጄ ስድስተኛው ሰው እቅፍ ውስጥ ሆና እሪታዋን ታቀልጠዋለች። በማግስቱ ተቅማጥ ያዛት። በሦስተኛው ቀን እኔና እናቴ ተኮራረፍን። ምክንያቱ አንድ የሻይ ማንኪያ ማር ነበር።

አሁን ልጄ አራት ዓመት ሊሞላት ነው። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተመላልሰናል። ዘንድሮ አንድም ቀን ሳላለቅስ ተመለስኩ። (እሷ አልቅሳለች። እኔን ነው ያልኩት።) ሰው ሁሉ «ከልጅ ጋር መንገዱ አይከብድም?» ይለኛል። መንገዱስ ግድ የለም። ሥራ የሚበዛው ከደረሱ በኋላ ነው። ሃያ ሰው አንዲትን ልጅ በአንድ ቀን ካልጠገብኩ ሲል እናት ምን ታድርግ? ስለዚህ ይህ መመሪያ ስለ ዳይፐርና ስለ መኪና ቢያወራም ግማሹ ስለ ዘመድ ነው።

1. ከሁለት ሳምንት በፊት ደውሉ

ከሻንጣ በፊት ስልክ ይቅደም። ለአያት ደውሉ። ሦስት ነገር ብቻ ለምኑ። አስር ነገር ከጠየቃችሁ «አንቺን ያሳደግሁሽ እኔ አይደለሁ እንዴ?» ይመጣል። ደግሞም እውነቷን ነው።

የእኔ ሦስቱ እነዚህ ነበሩ፦ እኔ ሳላውቅ አፏ ምንም እንዳይገባ፣ ከሰዓት በኋላ የምትተኛበት ሰዓት እንዲከበርላት፣ ከሰል ባለበት ቤት ብቻዋን እንዳትቀር። ልመናውን በሐኪም አሳብቡ። «ሐኪሟ እንዲህ ብሏል» ሲባል አያት አትቆጣም። «እኔ አልፈልግም» ካላችሁ ግን ነገር ይመጣል።

የማሩን ነገር ልንገራችሁ። ጅማ የማር አገር ነው። ለሕፃን ማር ማላስ ደግሞ ከጥንት የኖረ ነው። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሁሉ ተቀምጧል። እናቴ ነጭ ማር በማንኪያ ይዛ ወደ ልጄ አፍ ጠጋች። እኔ ከጓዳ ብቅ ስል ማንኪያው ከንፈሯ ደርሷል። «እማዬ፣ እንዳትሰጪያት!» ብዬ ጮህኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። እናቴ ማንኪያውን ቀስ አድርጋ ወደ ማሰሮው መለሰች። ቶናውንም በረካውንም አንድ ቃል ሳትናገር ጠጣች።

በነገሩ ልክ ነበርኩ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም። ማር ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል። የትልቅ ሰው አንጀት ይቋቋመዋል፣ የሕፃን አንጀት ግን ገና አልጠነከረም። ማሩን ማፍላትም ዘሩን አይገድለውም። ይህን ሁሉ በስልክ አስቀድሜ ብናገር ኖሮ ማንም አይቀየምም ነበር። በሰው ፊት መጮሄ ነው ያበላሸው። ማታ ጓዳ ገብቼ ጉልበቷን ስሜ ታረቅን።

ሌላም ነገር አለ። ከከለከላችሁ ምትክ ስጡ። አያት አንድ የራሷ ሥራ ይኑራት። እኛ ቤት የማታ ገላ ማጠብና እሹሩሩ ሙሉ በሙሉ የእናቴ ነው። እኔ ደጃፍ አልደርስም። ማሩን ያስረሳት ይሄ ይመስለኛል።

በመጨረሻ ከቤቱ ሰው አንድ ወገን ያዙ። የእኔዋ ታናሽ እህቴ ናት። ዓይኔን ካየች «ልጅቷን ውጭ ላንሸራሽራት» ብላ ታነሳታለች። ማንም አይጠረጥርም።

2. ቀንና መሳፈሪያ

ገና ታኅሣሥ 29 ነው፣ በየአራት ዓመቱ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 28። ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት ግቡ። ዋዜማ ከሰዓት በኋላ የደረሰ ልጅ በዓሉን በለቅሶ ነው የሚያሳልፈው። ቤቱንም ሰዉንም ለመልመድ አንድ ሙሉ ቀን ያስፈልገዋል።

ወቅቱ ጥሩ ነው። ዝናብ የለም፣ ጭቃ የለም። የቡና ለቀማው ወደ ማለቂያው ነው፣ በየግቢው ቀይ ቡና ተሰጥቶ ታያላችሁ። ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ግን ይበርዳል። «ጅማ ቆላ ነው» ብላችሁ ሹራብ ሳትይዙ እንዳትሄዱ። ከተማው 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው።

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከሆነ ጅማ አባ ጅፋር ኤርፖርት ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የበዓል ሰሞን ትኬት ቶሎ ያልቃል፣ አስቀድማችሁ ያዙ። አውሮፕላኑ ሲወርድ ጡት ወይም ጡጦ ስጡ፣ ሲውጡ ጆሯቸው ይከፈታል።

በመኪና 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከልጅ ጋር ስምንት ሰዓት ያዙለት። ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ቀን መንገዱን የሚያውቅ ሰው ጠይቁ፣ ሰላም መሆኑን አረጋግጡ። ንጋት 12 ሰዓት ተነሱ፣ ሳይመሽ ግቡ። በሌሊት አትንዱ። በሕዝብ ማመላለሻ የምትሄዱ ከሆነ ለልጁም ወንበር ግዙ። ገንዘቡ ያሳዝናል፣ ግን ስምንት ሰዓት ጭን ላይ ተቀምጦ የሚሄድ ልጅ የለም።

3. ጓዝ

ልብስና ዳይፐር መያዙን ታውቁበታላችሁ። ዳይፐር ጅማም ሞልቷል፣ መኪናውን በሱ አትሙሉት። ሰው የሚረሳቸውን ብቻ ልንገራችሁ።

ፖፖ። የብዙ አያቶች ሽንት ቤት ጓሮ ነው። ሌሊት ብርድ ላይ ልጅ ይዞ መውጣት ቀልድ አይደለም።

ያልታጠበ አንሶላ። አዎ፣ ያልታጠበ። ልጁ ቤቱ የሚተኛበትን አንሶላ እንዳለ ጠቅልላችሁ ያዙ። ሽታው ቤቱን ያስታውሰዋል። ከሁሉም ምክሬ በላይ የሠራልኝ ይሄ ነው።

አጎበር፣ በጀርባ ማዘያ፣ የእጅ ባትሪ። መብራት ሊሄድ ይችላል።

አንዲት ትንሽ ድስት፣ የልጁ ብርጭቆና ማንኪያ። ለምን እንደሆነ በኋላ እነግራችኋለሁ።

የመድኃኒት ቦርሳ፦ ቴርሞሜትር፣ ፓራሲታሞል ሽሮፕ፣ የተቅማጥ ዱቄቱ (ኦአርኤስ)፣ የክትባት ካርድ። የሽሮፑን መጠን ከመነሳታችሁ በፊት ፋርማሲስቱ በልጁ ኪሎ አስልቶ ጠርሙሱ ላይ ይጻፍላችሁ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ትኩሳት ሲነሳ ማስላት አይቻልም።

4. መንገድ

መንገዱን በሦስት ቆርጣችሁ አስቡት።

መጀመሪያው እስከ ወሊሶ ነው፣ 114 ኪሎ ሜትር ገደማ። ይሄን ልጁ ተኝቶ ነው የሚያልፈው። ከአልጋ ከነፒጃማው አንስታችሁ መኪና ውስጥ አስገቡት። ቁርስ ወሊሶ።

ሁለተኛው እስከ ወልቂጤና ግቤ ነው። ወልቂጤ ላይ ግዴታ ቁሙ። ልጁ ይሩጥ፣ ፖፖ ላይ ይቀመጥ፣ ሹራቡንም አውልቁለት። ከዚህ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ግቤ ሸለቆ ይወርዳል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ወልቂጤ ላይ በቅቤ ያበደ ፍርፍር አበላኋት። የት እንደተፋችው ልነግራችሁ አልፈልግም። አሁን የምሰጣት ደረቅ ዳቦ፣ ግማሽ ሙዝና ትንሽ ውሃ ነው። የመኪና ማቅለሽለሽ በብዛት የሚነሳው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። «ትንሽ እያለች ምንም አትሆንም ነበር» ብላችሁ አትዘናጉ። ስልክና መጽሐፍ አታሳዩት፣ ሩቅ እንዲያይ አድርጉ፣ መስኮት ትንሽ ክፈቱ፣ ፌስታል እጃችሁ ላይ ይሁን። ዝንጀሮ ካያችሁ ግን መስኮቱን ዝጉና እለፉ። ሙዝ መወርወር ይቅርባችሁ።

ሦስተኛው ከግቤ ማዶ ነው። ዳገቱን ወጥታችሁ በሰኮሩ፣ በአሰንዳቦ፣ በሰርቦ ጅማ ትገባላችሁ። ልጁ የሚሰለቸው እዚህ ነው። የእኔ መላ «ውሃ መፈለግ» ነው። የግልገል ግቤ ግድብ ሐይቅ ከመንገዱ ብቅ ይላል። «መጀመሪያ ያየ አሸነፈ» እላታለሁ። አርባ ደቂቃ ይሰጠኛል።

የልጅ ወንበር ካላችሁ የኋላ መቀመጫ ላይ እሰሩት። ከሌላችሁ ከወዳጅ ተዋሱ። ጋቢና ላይ ልጅ ታቅፎ መሄድ ግን በፍጹም አይሆንም። ፍሬን ሲያዝ እጃችሁ አይችለውም።

5. በሩ ላይ

ሰርቦ ስትደርሱ ደውሉ። ከዚያ ጅማ ቅርብ ነው። «ደርሰናል፣ ግን አሁን ነው ከእንቅልፏ የነቃችው። ቁጭ ብላችሁ ጠብቁን» በሉ። ደጅ ላይ ከሚጠብቅ ሕዝብና ሶፋ ላይ ከተቀመጠ ሕዝብ ልጅ የሚፈራው የትኛውን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ልጁን እናንተው ይዛችሁ ግቡ። ሻንጣው መኪና ውስጥ ይቆይ፣ ሌላ ሰው ያወርደዋል። ቁጭ በሉ። ጭናችሁ ላይ ሆኖ ቤቱን ይይ። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ለማንም አትስጡት። እጅ ሲዘረጋ «ለምዳችሁ ራሷ ትመጣለች» በሉ፣ ፈገግ ብላችሁ። ዘመድ ከልጁ ዓይን ላይ ዓይኑን እንዲያነሳ ማድረግ ከቻላችሁ ሩቡን ሥራ ጨረሳችሁ። እህቴ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሦስት የቡና ሲኒ ትደረድራለች፣ ልጄን ዞር ብላ አታያትም። አምስት ደቂቃ አይሞላም፣ ልጄ ከጭኔ ወርዳ አጠገቧ ነች።

«አካም» እንድትል አስተምሬያት ነበር። ጅማ ላይ ግማሹ ጎረቤት በኦሮምኛ ነው የሚያወራው። «አካም» ስትል ቤቱ ሁሉ ይስቃል፣ እሷም ደስ ብሏት ትደግመዋለች። መሳሙ ተረሳ።

ስለ መሳም፦ ልጁ ገና ጥቂት ወር ከሆነ አፍና ፊት እንዳይስሙት ጠንከር በሉ። ጉንፋን ለትልቅ ሰው ጉንፋን ነው፣ ለአራስ ልጅ ግን ሆስፒታል ሊያስተኛ ይችላል። «እግሯን ሳሟት» ስትሉ ሰው አይቀየምም፣ እንዲያውም ይስቃል። እንትፍ እንትፍ ብለው የሚመርቁትን ትልልቅ እናቶች ግን አታስቆሟቸውም። እኔም አልሞከርኩም።

6. የጾም ቤት ወጥ ቤት

ድስቷን አልረሳኋትም። ገና ከመድረሱ በፊት ጾመ ነቢያት ነው፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ። ሁለት ቀን ቀድማችሁ ስትገቡ ቤቱ እየጾመ ነው። ወተት የለም፣ እንቁላል የለም። የጾም ዕቃ ላይ ወተት ማፍላት ደግሞ እናቶችን ያሳቅቃል። አይናገሯችሁም፣ ግን ድስቱን ሦስት ጊዜ ሲያጥቡት ታያላችሁ። ስለዚህ የራሳችሁ ትንሽ ድስት፣ የራሳችሁ ማንኪያ። ጥግ ላይ የልጅቷ ቦታ ተብሎ ይለይ። በጠዋት ወተት አፍሉበት፣ እንቁላል ቀቅሉበት፣ ራሳችሁ እጠቡት።

አቮካዶና ሙዝ ጅማ የሞላ ነው። አቮካዶ በሹካ ፈጭቶ ከዳቦ ጋር መስጠት ሁለቱን የጾም ቀናት ያሻግራል። ውሃ የፈላ ወይም የታሸገ ይሁን። ስድስት ወር ያልሞላው ልጅ ጡት ብቻ ይጥባ፣ «ሙቀት ነው፣ ውሃ ጠምቶታል» ቢሏችሁም።

የበዓሉ ዕለት ዶሮው ከመቁላላቱ በፊት የልጅ ድርሻ አስቀሩ። አንድ ብልት አውጥታችሁ በሽንኩርትና በእርድ አልጫ ሥሩለት። በርበሬ ከገባ በኋላ በውሃ ማጠብ ብዙ አይረዳም። ክትፎና ጥሬ ሥጋ ለልጅ አይደለም፣ በቃ።

7. እንቅልፍ

ልጅ ካልተኛ በዓል የለም። ልጄ ከ7 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ከቀትር በኋላ ትተኛለች። ይሄን ሰዓት ጅማም ላይ አልነካውም። እንግዳ ቢመጣም፣ ቡናው ቢደርስም።

ከሳሎን የራቀውን ክፍል ለምኑ። አጎበሩን ዘርግታችሁ ዳር ዳሩን ፍራሽ ሥር ወትፉ። ወባ ጅማ አለ። ያልተወተፈ አጎበር ጌጥ ነው።

ሌሊት ብርድ ነው ብላችሁ የከሰል ምድጃ ክፍሉ ውስጥ አታስገቡ። የነደደ ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ካልሲና ተጨማሪ ብርድ ልብስ ይበቃል።

የገና ሌሊት ቤተሰቡ ቤተ ክርስቲያን ያድራል። ማን ከልጁ ጋር እንደሚቀር ዋዜማ ምሳ ላይ ተነጋገሩ። እኩለ ሌሊት ላይ ነጠላ ለብሶ መከራከር ጥሩ አይደለም። እኛ ዓመት በዓመት እንቀያየራለን። ዘንድሮ ባለቤቴ ቀረ።

8. በጉ

ይሄን የሚነግራችሁ ሰው የለም። በጉ ዋዜማ ይመጣል፣ ጓሮ ይታሰራል። ልጁ ቀኑን ሙሉ ቅጠል ሲያበላው ይውላል። በማግስቱ ጠዋት በጉ ይታረዳል።

አምና ልጄ «በግዬ» እያለች ገመዱ አጠገብ ነበር የምትውለው። ጠዋት ስትነሳ ጓሮ ሮጣ የቀረውን ገመድ አየች። ገመዱን ይዛ መጥታ «በግዬ የታለ?» አለችኝ። አጎቷ «አገሩ ሄደ» አላት። ሦስት ቀን ሙሉ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

ዘንድሮ እንዲህ አደረግሁ። ዋዜማ ራሴ ነገርኳት፦ «ይሄ የበዓል በግ ነው። ነገ ይታረዳል፣ ሥጋው ይበላል።» ዝም ብላ አየችኝ። «ያመዋል?» አለች። «አንድ ጊዜ፣ ከዚያ አያመውም» አልኳት። ጠዋት እርዱ ሳይጀመር ከቤት ይዣት ወጣሁ። ስንመለስ ወጡ ሸቷል። ሥጋውን አልበላችም፣ ዳቦ ነው የበላችው። ማንም እንዲጫናት አልፈቀድኩም። ሦስት ዓመት ካልሞላው ልጅ ጋር ወሬው አያስፈልግም፣ ይዞ መውጣቱ ብቻ ይበቃል።

9. ቡና፣ ከሰል፣ ቆሎ

የበዓል ሳሎንን በልጅ ቁመት ለማየት አንድ ጊዜ ተንበርከኩ። ጀበናው መሬት ላይ ነው። ከሰሉ መሬት ላይ ነው። እጣኑ ይጨሳል። ቀጤማ ተጎዝጉዟል፣ ከሥሩ የወደቀው ቆሎ አይታይም።

ረከቦቱ ጥግ ላይ ይሁን። ቡና የምታፈላዋ ግድግዳ ተደግፋ ትቀመጥ፣ ከሰሉ ከፊቷ ይሁን። ከሰሉ ማዶ ሁለት በርጩማ አቁሙ። የጅማ በርጩማ ከባድ እንጨት ነው፣ ልጅ በቀላሉ አይገለብጠውም። ከዚያ የልጅ ዘበኛ ይመደብ፣ በየግማሽ ሰዓቱ የሚቀያየር፣ በስም። «ሁላችንም እናያታለን» ማለት ማንም አያያትም ማለት ነው።

ቢቃጠልስ? ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ፣ ሃያ ደቂቃ ሙሉ። ቧንቧ ከሌለ ከጀሪካን ቀስ እያላችሁ አፍስሱ። የጥርስ ሳሙና አይቀባም። ቅቤ አይቀባም። እንቁላልም፣ የቡና ዱቄትም። ሃያው ደቂቃ ሳያልቅ አንድ ሰው ቅቤ ይዞ ይመጣል፣ እንዳትቀበሉት። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑ። ፊት፣ እጅ ወይም ብልት ከሆነ፣ ወይም ቁስሉ ከልጁ መዳፍ ከሰፋ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ቆሎ፣ ኦቾሎኒና ፈንዲሻ ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። ጉሮሮ ይዘጋል። የተቀቀለ እንቁላልም ሙሉውን አይሰጥም፣ አራት ቦታ ቁረጡት። ቢያንቀው፣ እያሳለ ከሆነ ይሳል፣ አትምቱት። ድምፅ ከጠፋ ግን፦ ዓመት ያልሞላውን ክንዳችሁ ላይ በሆዱ አስተኙት፣ ራሱ ዝቅ ይበል፣ በመዳፋችሁ ሥር ትከሻና ትከሻው መሐል አምስት ጊዜ ምቱ። ካልወጣ ገልብጡትና ደረቱ መሐል በሁለት ጣት አምስት ጊዜ ተጫኑ። ዓመት ያለፈው ከሆነ ወደ ፊት አጎንብሶ ጀርባው ላይ አምስት፣ ከዚያ ከኋላው አቅፋችሁ ከእምብርቱ ከፍ ብሎ ወደ ውስጥና ወደ ላይ አምስት። እስኪወጣ ደጋግሙ፣ አንድ ሰው ደግሞ መኪና ይጥራ። የማይታይ ነገር ለማውጣት ጣት አትስደዱ፣ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ይሄን ለዘበኞቹ ሁሉ አንድ ጊዜ በአሻንጉሊት አሳዩአቸው። ይስቁባችኋል። አሳዩአቸው።

10. ጎረቤት

እኛ ሰፈር ከግራም ከቀኝም ሙስሊም ጎረቤት ነው። በገና እነሱ ይመጣሉ፣ በኢድ እኛ እንሄዳለን። ሥጋው አይጋራም፣ ድፎ ዳቦው፣ ቡናውና ለስላሳው ግን ለሁሉም ነው። ከልጅ ጋር ይህ ትልቅ እረፍት ነው። የጎረቤት ልጆች አብረዋት ይጫወታሉ፣ ሁለት ሰዓት ታርፋላችሁ። ብቻ አንድ ነገር፦ ልጃችሁ የያዘውን ሥጋ ለጓደኛው ማካፈል ይወዳል። ልጆቹ ተሰብስበው ሲበሉ ዳቦና ፍራፍሬ ብቻ አቅርቡ። ማንንም አያሳፍርም።

11. ከቤት መውጫ

በቀን አንድ ጊዜ ውጡ፣ ከሁለት ሰዓት ላይበልጥ። በእርዱ ጠዋት እኔና ልጄ ወደ ጅሬን ነበር የሄድነው፣ ኮረብታው ላይ ወዳለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት። ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጅማን የገዙበት ነው። ልጅ ታሪኩ አይገባውም። የእንጨት ደረጃው፣ ሰገነቱና ግቢው ግን ይገባዋል። ደረጃው ላይ እጁን አትልቀቁ። ግቢው ይከፈት እንደሆነ የበዓል ቀን አስቀድማችሁ አስጠይቁ፣ ባይከፈትም ከኮረብታው ከተማውን ማየት ራሱ ይበቃል።

ከተማው ዳር ቦዬ በሚባለው ረግረግ ጉማሬ አለ። ከሩቅ ብቻ እዩ። ጉማሬ ሰነፍ ይመስላል እንጂ አይደለም፣ ውሃው ዳር ልጅ አታውርዱ። ሐሙስ ከዋለላችሁ የሂርማታ ገበያ በጠዋት ጥሩ ነው፣ ልጁን አዝላችሁ። በርጩማና ስፌት ታገኛላችሁ። በግፊያው መሐል ልጅን በእግር ማስኬድ ግን አይሆንም። ባጃጅ ስትይዙ ልጁ መሐል ይቀመጥ፣ በሁለት ትልቅ ሰው መካከል።

12. ቢታመም

ተቅማጥ ከሆነ አንድ የኦአርኤስ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል። ሁለት ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ማለት ነው። ዱቄቱን በብርጭቆ እየቆነጠሩ መበጥበጥ ልክ አይደለም። በማንኪያ ቀስ በቀስ ስጡት፣ ቢያስመልሰው አስር ደቂቃ ጠብቃችሁ ቀጥሉ። 24 ሰዓት ያለፈውን ድፉት። ጡት አታቋርጡ። ዚንክ ሐኪሙ ካዘዘ ተቅማጡ ቢቆምም እስከ መጨረሻው ቀን ይሰጣል። ደም ካለው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከፈዘዘ ወይም መጠጣት ካቃተው ቤት አትቆዩ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል እዚያው ከተማ ውስጥ ነው።

ትኩሳት ከሆነ በዚያው ቀን የወባ ምርመራ አስደርጉ። «ጥርስ ሊያበቅል ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ምርመራው ይቅደም።

13. መልስ

ከበዓሉ ሁለት ቀን በኋላ ተነሱ። መኪናው ሲመጣ ባዶ ነበር፣ ሲመለስ ቡና፣ ቅቤ፣ ማርና በርጩማ ነው። አያት የሰጠችውን አልወስድም አይባልም። የልጁን ወንበር መጀመሪያ እሰሩ፣ ጓዙ በቀረው ቦታ ይግባ። ከባድ ነገር ከልጁ ራስ በላይ አታስቀምጡ።

መለያየቱን በድብቅ አታድርጉት። የመጀመሪያ ጊዜ ልጄ ተኝታ ሳለ ነበር የወጣነው፣ ወሊሶ ላይ ነቅታ እስከ አዲስ አበባ አለቀሰች። አሁን እናቴን ራሷ ስማ፣ እጇን አውለብልባ ነው የምትወጣው። ሁለቱም ትንሽ ያለቅሳሉ። ወልቂጤ ስንደርስ እንደውላለን።

ቤት ከገባችሁም በኋላ ሳምንቱንና ወሩን ልብ በሉ። ወባ ከተነከሱ በኋላ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ ሊነሳ ይችላል። ልጁ ካተኮሰው ሐኪሙን «ጅማ ነበርን» በሉት። አዲስ አበባ ላይ ካልነገራችሁት ላያስበው ይችላል።

ማሩን በተመለከተ፦ ዘንድሮ እናቴ ለልጄ የራሷን ትንሽ ማሰሮ ሰጥታታለች። ክዳኑን በፌስታል አጥብቃችሁ እሰሩት፣ ከወንበሯም አርቁት። እኛ አላሰርነውም ነበር። የግቤ ጠመዝማዛ ላይ ፈሰሰ፣ ወንበሩ እስካሁን ይጣበቃል።